የብሎክ ሰባት ማህተም

ሟቹን ያገኙት ሁለት ደን ጠባቂዎች ናቸው፤ ረቡዕ ጠዋት፣ ብሎክ ሰባት በሚባለው የደኑ ክፍል ጠርዝ ላይ። እኔ የደረስኩት እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ፣ የጣቢያው ፖሊስ በሙሉ ቦታውን ዞሮ ዞሮ ረግጦት ጨርሷል። ከዚያ በኋላ ዱካ ፈልግ ብትሉኝ የማገኘው የራሳችንን ቦት ጫማ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ሰው ያልረገጠው ሬሳ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ሰውየው የመንግሥት ደኑ ማህተም መቺ ነበር። ሥራውን ለማያውቅ ላስረዳ፤ እኔም ያወቅኩት የዚያን ቀን ነው። በመንግሥት ደን ውስጥ አንድ ዛፍ የሚቆረጠው ማህተም ሲመታበት ብቻ ነው። ማህተሙ መዶሻ ነው። ባንድ በኩል ቅርፊት የሚልጥ ስለት፣ በሌላው በኩል ኮከብ የተቀረጸበት የስኒ አፍ የሚያህል ብረት አለው። መቺው ዛፉን ያያል፣ ይለካል፣ መቆረጥ አለበት ካለ ከሥሩ ከፍ ብሎ ቅርፊቱን ልጦ ኮከቡን ያሳርፍበታል። ኮከብ የሌለውን ዛፍ የነካ ይታሰራል። ለመላው ደን ያለው መዶሻ አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ከሟቹ ጋር አልተገኘም።

ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና ሰውየው የሞተው ሰኞ ከእኩለ ቀን በፊት እንደሆነ ነገረኝ። ጭንቅላቱ ላይ ያረፈው ምት አንድ ነው፤ ቁስሉም ክብ ነው፣ የስኒ አፍ ያህል። ታዲያ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ማንም ያልፈለገው ለምንድን ነው ብል፣ ማህተም መቺ ሥራ ላይ ሲሆን ጫካ ውስጥ ባለችው ጎጆ ሦስት አራት ቀን ማደሩ የተለመደ ነው አሉኝ።

ሬሳው ተሸፍኖ ነበር። ፊቱ በገዛ የዝናብ ልብሱ፣ የቀረው አካሉ በጥድ ቅርንጫፍ። ቅርንጫፎቹ ዝም ብለው የተጣሉ አይደሉም። የተቆረጡበት በኩል ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሆኖ፣ አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ እየተደረበ እንደ ጣራ ተደርድረዋል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀዶ ነበር፤ ከሥራቸው ያለው ልብስ ግን አልራሰም። ገርሞኝ ሳጅኑን ፎቶ አንሳው አልኩት። ሳጅኑ ሹፌሬም ረዳቴም ነው። ካሜራው ባትሪ እንደሌለው በትህትና ነገረኝ። በእርሳስ ሳልኩት።

ጣቢያ ስንመለስ ኮማንደሩ በር ላይ እየሳቀ ጠበቀን። ገዳዩ ከማክሰኞ ጀምሮ እጃችን ላይ ነው አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ አንድ ከሰል አክሳይ ከነሁለት ጆንያው ኬላው ላይ ተይዟል። ኮቱ ላይ ደም ነበረበት። ሟቹ ደግሞ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አሳስሮታል።

"ከሰል ሲከሰል አይተህ ታውቃለህ?" አለኝ ኮማንደሩ። "እንጨቱን ይከምሩታል፣ ከዚያ ቅጠል ያለብሱታል። ሬሳው ምን ለብሷል?"

"ቅጠል።"

"እንግዲህ። አርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለዐቃቤ ሕግ አስረክባለሁ። እስከዚያ ፋይሉን አሳምርልኝ።"

የእኛ ቤት ችኮላና ዝግመት መቼም አንድ ላይ ሲሄዱ ነው የሚያሳብዱኝ። ሰው ለማሰር ሁለት ቀን ይበቃናል። የማስረጃ ዕቃ በሚቀመጥበት ኤግዚቢት ክፍል ውስጥ ግን አንድ ቀይ ብስክሌት አለ፤ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ባለቤቱ በየዓመቱ እየመጣ ይለምናል፣ መዝገብ ቤቱም በየዓመቱ ያው መልስ ይሰጠዋል፤ ጉዳዩ የመጨረሻ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ ኤግዚቢት አይነካም፣ አይንቀሳቀስም፣ አይሸጥም። ጎማው አፈር መስሏል።

ከሰል አክሳዩን አስጠርቼ አነጋገርኩት። ቀጭን ሰው ነው፤ ግራ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ደሙ የራሱ መሆኑን፣ መጥረቢያ ስቶ እንደቆረጠው ነገረኝ። ጨርቁን ፈታሁት፤ እውነቱን ነው። ሐኪሙ ግን "የማንም ደም ሊሆን ይችላል፣ ምርመራው ከዋናው ከተማ ሁለት ወር ይፈጃል" አለ። ሁለት ወር። አርብ ሊመጣ የቀረው ሁለት ቀን።

"ሰኞ ጠዋት ብሎክ ሰባት አካባቢ ነበርኩ ጌታዬ፤ አልዋሽም" አለኝ ሰውየው። "ሁለት ሰዎች ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። አንደኛው 'ስማኝ ልጄ' ይላል፣ ደጋግሞ። ያኛው 'አይሆንም' ይላል። እኔ ደግሞ ሕገወጥ ነኝ፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ሄድኩ።"

ፊቱን ባየው ባየው ውሸት አጣሁበት። ግን "ልጄ" ምን ይጠቅመኛል? ኮማንደሩም እኔን ልጄ ይለኛል፤ የሚበልጠኝ በአራት ዓመት ነው። ሰውየውን ወደ ክፍሉ መለስኩት። ከአጥሩ ውጪ ሚስቱ የምግብ ዕቃ ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ በሽቦው ቀዳዳ ትሰድበዋለች። ከሰል ተው ብዬህ አልነበር ወይ ትለዋለች። እኔን ስታይ ተነሥታ፣ ባሏ ዶሮ እንኳ ማረድ እንደሚፈራ ነገረችኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ለእሷ ግን ተረት አልነገርኳትም፣ እስከ አርብ ጊዜ አለን ብቻ አልኳት።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ የሟቹ ቤት ሄድኩ። ቤቱ ከደኑ ችግኝ ጣቢያ ጋር አጥር ይጋራል። ሚስቱ ሠላሳ ሁለት ሠላሳ ሦስት የሚሆናት፣ ዓይኗ አብጦ የደረቀ፣ ጥያቄዬን በአጭሩ የምትመልስ ሴት ናት። ከጎኗ አባቷ ተቀምጠዋል። የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ እሳቸው ናቸው። አርባ ዓመት ችግኝ ስላፈሉ አገሩ ሁሉ "ጋሼ ችግኝ" ይላቸዋል። ድሮ ማህተም መቺ ነበሩ፤ አማቻቸውንም ሥራውን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። መዶሻውን ባስረከቡበት ቀን ልጃቸውንም እንደዳሩ ሰው እየሳቀ ነገረኝ።

ሻይ ሊቀዱልኝ ማንቆርቆሪያውን በቀኝ እጃቸው ጀምረው በግራ ጨረሱት። ትከሻቸውን እርጥበት እንደሚያመው ነገሩኝ። ሰኞና ማክሰኞ የት እንደነበሩ ስጠይቃቸው፣ ሰኞ ጠዋት ዘር ለቀማ፣ ማክሰኞ ደግሞ ከሠራተኞቹ ጋር ቀኑን ሙሉ ችግኝ ውሃ ሲያጠጡ መዋላቸውን ነገሩኝ። ሁሉንም ጻፍኩ። ጻፍኩ እንጂ አላሰብኩም፤ በዚህ ራሴን እስከ ዛሬ እረግማለሁ።

ጠላት ነበረው ወይ ስል ሚስቱ፣ "ባሌ አይሆንም የሚል ሰው ነበር። አይሆንም የሚል ሰው ጠላት አያጣም" አለችኝ። ጋሼ ችግኝ ቀና ሳይሉ ጉልበታቸው ላይ ያለ አፈር አራገፉ።

ማንን ነው አይሆንም ያለው? መልሱን ያገኘሁት ከደኑ ሥራ አስኪያጅ ነው። ሐሙስ በጠዋት፣ አዲስ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካበት እየተንጠላጠለ ብሎክ ሰባትን አሳየኝ። ብሎክ ሰባት የደኑ መሃል ነው፤ ለከባድ መኪና የሚሆነው ብቸኛ መንገድም በዚያ ያልፋል። ሕጉ ቀላል ነው አለኝ፦ ደኑ በዓመት የሚያድገውን ያህል ይቆረጣል፣ ከዚያ በላይ አይነካም። ማህተም መቺው ግን ለክቶ ለክቶ፣ ይህ ብሎክ አሥር ዓመት ማረፍ አለበት፣ ዘንድሮ አንድም ዛፍ አልመታም ብሎ ጽፏል። ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ ደብዳቤ ልኳል። እስከ አርብ ለቆረጣ የተመረጡት ዛፎች ካልታወቁ ደኑ አያመርትም ተብሎ ለእርሻ ባለሀብት ይሰጣል፤ ሙሉው ደን፣ ተመንጥሮ።

"ግን ምስጋና ይግባው" አለ ሥራ አስኪያጁ በእጁ እያሳየኝ፣ "ሳይሞት ሐሳቡን ቀይሯል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዛፍ መትቶልናል። ነገ ኮሚቴው ይፈርማል።"

አየሁ። በየዛፉ ሥር ነጭ የተላጠ ቦታ፣ መሃሉ ላይ ኮከብ። ጎንበስ ስል ጉልበቴ ጮኸ። የቅርፊቱ ፍላጭ መሬት ላይ ወድቋል፤ ጭቃው በሰኞ ዝናብ ተደብድቦ ተላቁጧል፣ ፍላጩ ግን ከላዩ ንጹሕ ሆኖ ተኝቷል። አንድም የዝናብ ጠብታ አልነካውም። ዝናቡ የጣለው ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ሰውየው የሞተው ሰኞ ጠዋት። ሙት ተነሥቶ ማህተም ካልመታ በቀር፣ እነዚህን ዛፎች የመታው መዶሻውን የወሰደው ሰው ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዛፍ ለአንድ ሰው የአንድ ቀን ሙሉ ሥራ ነው፤ የማክሰኞ። ማክሰኞ ከሰል አክሳዩ የእኛ እንግዳ ነበር።

ይህን እየበረርኩ ሄጄ ለኮማንደሩ ነገርኩት። ሲያዳምጥ ቆየና፣ "መምታት ሌላ፣ መግደል ሌላ" አለኝ። "መዶሻውን መንገድ ላይ ያገኘ ሌላ ሰው መትቶት ቢሆንስ? ገዳይ አምጣልኝ፣ እለቀዋለሁ። ባታመጣ አርብ ሦስት ሰዓት።"

ኮከቡን ማን ይፈልገዋል ብዬ ሳስብ የመጣልኝ የከተማችን ጣውላ ነጋዴ ነው። ሰው ሁሉ "ጣውላው" ይለዋል። መጋዝ ቤቱ ገብተን ስንፈትሽ፣ ሳጅኑ ከመጋዝ ብናኝ ክምር ውስጥ አንድ መዶሻ ጎትቶ አወጣ። ጫፉ ላይ ኮከብ አለ። ጣውላው ጉንጩ እንደ ኳስ አብጦ፣ በመሐረብ ይዞት፣ ላብ በላብ ሆነ።

መዶሻውን ይዘን ሐኪሙ ዘንድ ከነፍን። ሐኪሙ ለካውና ራሱን ነቀነቀ፤ ከቁስሉ በአንድ ጣት ይሰፋል። ኮከቡም ባለ ስድስት ጫፍ ነው፣ የመንግሥቱ ባለ አምስት። ጣውላው ማስመሰሉን እንኳ በቅጡ አልቻለበትም። ይባስ ብሎ ሰኞም ማክሰኞም ዋናው ከተማ ጥርስ ሐኪም ቤት ነበር። ስልክ ደወልኩ። ጥርስ ሐኪሙ በደንብ ያስታውሰዋል፤ ሰኞ የነቀለለት ደህነኛውን ጥርስ ስለነበር፣ ማክሰኞ ተመልሶ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሰድቦታል።

ሐሙስ ስድስት ሰዓት ሆኖ በእጄ ያለው አንድ አስመሳይና አንድ የተሳሳተ ጥርስ ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ስዞር ግማሽ ቀን አለፈ። ሳጅኑ ምሳ እንብላ ሲለኝ ጮኽኩበት። በኋላ ይቅርታ ጠየቅኩት፤ እሱ ግን እስካሁን ያነሣብኛል።

ዛፎቹን የሚያነብልኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጥድ ከስልክ እንጨት የሚለየው በሽቦው ነው። ስለዚህ የሟቹን ሚስት ለመንኳት። እሷ በዚያ ደን ነው ያደገችው፤ ከባሏም ጋር ሜትር ይዛ ስትለካ ኖራለች። ቦት ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

ከዛፍ ዛፍ እየሄደች አየች። መጀመሪያ ላይ እንደ ሥራ ነበር የምትናገረው።

"ይህን የመታ ሌባ አይደለም" አለችኝ። "ሌባ ቀጥ ያለውን ይመርጣል። ይሄ የመታው ጠማማውን፣ የታመመውን፣ የተጨናነቀውን ነው። እናት ዛፎቹን ግን አንድም አልነካም። ያቺን አዩዋት? ንፋሱ ከዚያ ነው የሚመጣው፤ ዘሯን እዚህ ባዶ ቦታ ላይ ትበትናለች። እያንዳንዷን አስቦባት ነው የተዋት።"

"ባልሽ ሊሆን ይችላል?"

"ባሌ እዚህ ብሎክ አልመታም ካለ አልመታም ነው።"

ትንሽ ሄደች። ከዚያ አንዱ ዛፍ ሥር በርከክ ብላ ኮከቡን በጣቷ ዳሰሰች። ዛፉን ዞረች። ወደሚቀጥለው ሄዳም ያንኑ አደረገች።

"ማህተሙ በመውደቂያው በኩል ነው" አለች ቀስ ብላ። "ዛፉ መውደቅ ባለበት በኩል። በዚያ በኩል ቡቃያ የለም፣ ሲወድቅ የሚጨፈልቀው ነገር የለም። ቆራጩ ኮከቡን አይቶ ወደዚያ እንዲጥለው ነው። እንዲህ መምታት ቀርቷል፤ የሞተር መጋዝ ከመጣ ወዲህ ማንም አይመታም። ባሌ እንኳ ይስቅበት..."

አልጨረሰችውም። የያዘችውን ፍላጭ ጣለችው። ምን ሆንሽ እህቴ ስላት፣ በረደኝ፣ እንመለስ አለችኝ። ፀሐዩ ራስ ይበሳ ነበር።

ቤቷ አድርሻት ወደ ጣቢያ አልሄድኩም። አጥሩን ዞሬ ወደ ችግኝ ጣቢያው ገባሁ። በሩ ላይ ሁለት ሴቶች ፕላስቲክ ከረጢት አፈር ይሞላሉ። ማክሰኞ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ አልኳቸው። ማክሰኞማ አልገባንም አሉኝ። ሰኞ ያን የመሰለ ዝናብ ጥሎ ስለነበር፣ ጋሼ ችግኝ ውሃ ማጠጣት አያስፈልግም ብለው አሰናብተዋቸዋል።

ከእንደዚያ ያለ ዝናብ ማግስት ችግኝ የሚያጠጣ ማን አለ? በገዛ እጄ ጽፌው፣ በኪሴ ይዤው ስዞር ነበር።

ወደ ውስጥ ዘለቅኩ። አዲስ የተዘራ መደብ አለ፤ ረጅም፣ አልጋ የሚያህል። በጥድ ቅርንጫፍ ተሸፍኗል። የተቆረጡበት በኩል ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሆኖ፣ አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ ተደርቧል፤ ዝናብ ዘሩን እንዳይመታው። ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ የሳልኩትን ገለጥኩ። ካሜራ አላስፈለገኝም።

ጋሼ ችግኝ ከመደቡ ማዶ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ቡቃያ ያዛውሩ ነበር። ደብተሬን አዩት። ሥራቸውን አላቆሙም።

"ልጄ አየችው?" አሉኝ።

"አየችው። አልተናገረችም።"

"አትናገርም። እኔ ነኝ ያሳደግኳት።" ቡቃያዋን አፈሯን ጠቅጥቀው አስቀመጧት። "አንድ ጊዜ ነው የመታሁት። ስማኝ ልጄ አልኩት። ሲሶውን እንምታና ሁለት ሦስተኛውን እናድን አልኩት፤ ካልሆነ ይመነጥሩታል፣ አንዲት ዛፍ አትቀርም አልኩት። አይሆንም አለኝ። ልኬቱ አሥር ዓመት ነው የሚለው፣ እኔ ውሸት አልመታም አለ። መዶሻውን ያዝኩ፣ እሱም ያዘ። አርባ ዓመት ያፈላሁት ደን ነው። ደሜ ፈላ። ከዚያ ወደቀ።"

"ከዚያ ሸፈኑት።"

"ዝናብ እየመጣ ነበር" አሉኝ፤ ሌላ ምክንያት እንደሌለ ሁሉ።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ፣ በዚያ ትከሻ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ዛፍ መምታታቸውን ነገሩኝ። ኮሚቴው አርብ ሲፈርም እኔ ዘንድ መጥተው እጃቸውን ሊሰጡ ነበር። መዶሻውን ከብስባሽ ክምሩ ውስጥ ራሳቸው አውጥተው በጨርቅ ጠርገው ሰጡኝ።

"ከሰል አክሳዩስ?" አልኳቸው።

"ሦስት ቀን ነው አልኩ። ጣራ አለው፣ ይበላል አልኩ።"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አዝኜላቸው ነበር። እዚያ ላይ ተናደድኩ። አንዲት ቡቃያ እንዳትጨፈለቅ የዛፍ መውደቂያ የሚመርጡ ሰው፣ የሰው ልጅ የሚወድቅበትን ሳያዩ ቀሩ። ይህንኑ ነገርኳቸው። እጃቸውን ታጠቡና ተነሡ፤ ሲወጡም ለሁለቱ ሴቶች አዲሱን መደብ እስከ እሑድ እንዳይገልጡት አዘዟቸው።

አርብ ሦስት ሰዓት ከሰል አክሳዩ ተለቀቀ። ሚስቱ በሩ ላይ እየሰደበች ተቀብላ፣ እየሰደበች ይዛው ሄደች፤ ክንዱን ግን እስከ መታጠፊያው አልለቀቀችውም። ኮማንደሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ፋይሉ አማረ አለ።

አራት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ደወለ። ማህተሞቹ የነፍሰ ገዳይ ስለሆኑ ኮሚቴው አልፈርምም ብሏል። ማህተም የለም ማለት ምርት የለም ማለት ነው፤ መመንጠሪያዎቹ ማሽኖች ሰኞ ይገባሉ። ድምፁ የተከፋ ቢመስልም፣ አዲስ ጫማውን ጭቃ የማይነካበት ሌላ ቢሮ እንደሚጠብቀው ሳይታወቀው አልቀረም። ስልኩን ዘጋሁና ተቀመጥኩ። አንዱ ደኑን ላለማጉደል ሞተ፣ ሌላው ደኑን ለማትረፍ ገደለ፣ እኔ ደግሞ እውነቱን አወጣሁና ደኑን አስመነጠርኩት። እንዲህ ያለ ድል ገጥሞኝ አያውቅም። ጠረጴዛዬን በቡጢ ብመታው ሻዬ ተደፋ።

ልጥረገው ብዬ ጨርቅ ፍለጋ ስወጣ፣ የኤግዚቢት ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል። ቀዩ ብስክሌት እዚያው ነው። አይነካም፣ አይንቀሳቀስም፣ አይሸጥም።

ጨርቁን ተውኩት። መዝገብ ቤቱ መስኮት ሄጄ የኤግዚቢት ቅጽ ስጠኝ አልኩት። መዝገብ ያዡ ስንት ቅጠል ትፈልጋለህ ቢለኝ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አልኩት። መነጽሩን አወለቀ።

"ዕቃው ምንድን ነው?"

"ዛፍ። ወንጀሉ የተፈጸመበት መሣሪያ ምልክት ያረፈበት ዛፍ፣ በቁሙ።"

"የት ነው የሚቀመጠው?"

"ባለበት።"

ደንቡን ከፍቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አንድ ጊዜ አንብቦ አልበቃው ብሎ ደገመው። የሚከለክል አንቀጽ ቢያገኝ እንዴት ደስ ባለው፤ አጣ። ኮማንደሩ እየጮኸ መጣ። ፋይሉ ሊዘጋ ነው እንጂ ሊከፈት አይደለም አለ። እኔም ደንቡን ከነገጹ አሳየሁትና፣ ኤግዚቢት ባለበት ቦታና በብቸኛው መንገዱ ማሽን ቢገባ የሚጠየቀው የጣቢያው አዛዥ መሆኑን በአክብሮት አስታወስኩት። ፈረመ። ሲፈርም እስክሪብቶዬን ሰበረው።

ቅዳሜ ጠዋት ሳጅኑና እኔ ካርቶን ቁጥርና ሲባጎ ተሸክመን ብሎክ ሰባት ገባን። ሃያኛው ዛፍ ላይ ስንደርስ የሟቹ ሚስት መጣች። ስለ አባቷ አልጠየቀችኝም። አንድ ሹራብ በወረቀት ጠቅልላ ይዛ ነበር፤ እስር ክፍሉ ይበርዳል ሲሉ ሰምቼ ነው አለች። እኔ ግን አልሄድም፣ እርስዎ ይስጡልኝ አለችኝ። ተቀበልኳት።

የምንሠራውን ቆማ አየች። ቁጥሩ ለምን እንደሆነ አስረዳኋት፤ ጉዳዩ የመጨረሻ ውሳኔ እስኪያገኝ ድረስ ማንም አይነካቸውም አልኳት።

"ምን ያህል ይቆያል?" አለችኝ።

"እኛ ዘንድ አንድ ብስክሌት አለ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።"

ፊቷን ወደ ዛፎቹ አዞረች።

"ባሌ የጠየቀው አሥር ነበር" አለች።

ሲባጎውን ከእጄ ወስዳ፣ ቁጥር ሃያ አንድን ልታስር ሄደች።